ሬሳ የሚያወርድ ደረጃ

«በዚህ ሕንፃ፣ ከአምስተኛ ፎቅ ለመውረድ ብቸኛው አስተማማኝ መንገድ መሞት ነው» አለ ወንድሟ ሳሎን ተቀምጦ፤ እንግዶቹ ሳቁ። ሳቁ ስሱን ግድግዳ አልፎ መኝታ ቤት ሲደርስ፣ እሷ ከአልጋው ግርጌ ተንበርክካ ለእናቷ ካልሲ እያጠለቀች ነበር፤ የማይታዘዘውን ቀኝ እግር በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ጨርቁን ወደ ላይ እየሳበች። እጇ ባለበት ቆመ። ቀና ስትል እናቷም ሰምታለች። ስትሮኩ የቀኝ ጎኗንና ከንግግሯ የሚበዛውን ወሰደ እንጂ ጆሮዋን አልነካውም፤ እንዲያውም ምላስ ሲታሰር ጆሮ ይሰላል መሰል፣ ኮሪደር ላይ የምታልፍ ድመት ሳትቀር ትሰማለች። እናትየዋ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችምም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ደህናው የፊቷ ግማሽ ቀላ፣ የታመመው ግማሽ እንደነበረ ቀረ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው ላይ፣ ሸክም ሆኖ በመገኘቱ ሲያፍር ማየት ምን እንደሚመስል ልጅየዋ ያን ጠዋት አወቀች፤ ካልሲውንም እስከ ጉልበት ስባ፣ እጥፋቱን ከሚገባው በላይ ደጋግማ አስተካክላ ተነሣች።

ቀልዱ እውነት ነበር፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ሊፍቱ ሕንፃው በተመረቀ በጥቂት ወራት ውስጥ ቆሞ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ራሱ ጥገና እስኪያሻው ድረስ ከርሟል። ነዋሪዎቹ «ሟቹ» ይሉታል። ስለ ሟቹ የማይናገር የለም፤ ደረጃ ሲወጡ ቆመው የሚያርፉት እስትንፋሳቸውን ለመሰብሰብ ሳይሆን ሟቹን ለማማት ይመስል፣ በየማረፊያው ከሁለት ሰው የማያንስ አይጠፋም። አንዱ ተቋራጩን ያማል፣ ሌላው ኮሚቴውን፣ ሦስተኛው ኮሚቴውን የመረጡትን፤ ሲመረጡ እሱም እጁን ማውጣቱን ግን አያነሣም። ይህ ሕንፃ በጋራ የሚያውቀው አንድ ሙያ ቢኖር ሬሳ ማውረድ ነው። ከላይኛው ፎቅ አንድ የለቅሶ ጩኸት ሲሰማ፣ ማንም ማንንም ሳይጠራ በሮች ይከፈታሉ፤ ብስክሌቶችና የአበባ ማሰሮዎች ከደረጃው ይነሣሉ፤ ወንዶቹ ኮታቸውን እያወለቁ በየማረፊያው ይሰለፋሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ማጠፊያ ጠባብ ስለሆነ ሣጥኑን በምን ያህል አዘንብሎ ማሳለፍ እንደሚገባ ጎረምሳ ሳይቀር ያውቃል። ከምድር ቤቱ በር ላይ ጡረተኛው ሻለቃ ቆመው «ተቀበል!» ይላሉ፤ ትከሻ ትከሻን ይተካል። በዚያች ሰዓት አስተያየት የሚሰጥ፣ ሁኔታውን የሚተነትን፣ «ዋናው ችግር እኮ» ብሎ የሚጀምር ሰው የለም። ሞቶ የወረደ ሁሉ ሳይንገላታ ወርዷል። እናቷ ግን በሕይወት ነበረች።

ቀጠሮው ዛሬ ረፋድ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ደውላ፣ ያለ ቁጣ፣ ሰልችቷት በሚመስል ድምፅ፣ በተከታታይ የቀሩባቸውን ቀጠሮዎች ዘርዝራ «የእግሩ ጅማት እያጠረ ነው የሚሄደው፤ አሁን ካልተያዘ በኋላ እኔም አልመልሰውም። ቅዳሜ ካልመጡ ቦታውን ለሚጠብቁት እሰጣለሁ» ብላ ስልኩን ዘግታለች። መጀመሪያ ላይ ከገበያ ተሸካሚዎች ይመጡ ነበር። ለፍሪጅ በፎቅ የሚያስከፍሉት ዋጋ የታወቀ ነው፤ ለሰው ግን እጥፍ ጠየቁ፤ ለምን ስትላቸው «ፍሪጅ አይጮህም፣ እህቴ» አሏት። በአንድ የጥርስ ላቦራቶሪ ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሠራች ለምትኖር ሴት፣ አንድ መውረድና አንድ መውጣት የላይና የታች ሙሉ ጥርስ የሚያስገኘውን ያህል ይበላ ነበር። ቁጠባዋ ወር ሳይሞላው ተሟጠጠ፤ ተሸካሚዎቹም ቀሩ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሰም እያቀለጠች፣ ጄሶ እየበጠበጠች ለሰው አፍ ስትለፋ የምትውለው እሷ ናት፤ በአፉ የሚኖረው ግን ወንድሟ ነው።

ሰፈሩ «ተንታኙ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን አይጠላውም። ከእሷ በዕድሜ ይበልጣል፣ ብዙ አንብቧል፣ ብዙ ያውቃል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ይሠራበት የነበረውን መሥሪያ ቤት በመርህ ምክንያት ለቅቆ፣ ከዚያ ወዲህ ለመርሁ የሚመጥን መሥሪያ ቤት አላገኘም። በየቅዳሜው ሁለት ሦስት ወዳጆቹ አምስት ፎቅ እያለከለኩ ወጥተው ሊሰሙት ይመጣሉ፤ እሷ የገዛችውን ዳቦ ይበላሉ፣ እሷ ያፈላችውን ሻይ ይጠጣሉ፣ አገር ምድሩ እንዴት እንደተበላሸ ተስማምተው ይወርዳሉ። አንድ ጊዜ ነዋሪው ስለ ሊፍቱ ማመልከቻ እንዲጻፍ ተስማምቶ ረቂቁን ለእሱ አምጥቶለት ነበር። አረመው። ቋንቋው ልፍስፍስ ነው አለ፤ አስተካከለው። ከዚያ ጥያቄው ራሱ በተሳሳተ ግምት ላይ የቆመ ነው አለ፤ ያንንም ሰረዘ። ለወራት ሲታረም ቆይቶ ከማመልከቻው የተረፈው ሥርዓተ ነጥቡ ብቻ ሆነ፤ ማንም ፈርሞ የሚያስገባው ነገር አልቀረም። እሱ ግን እስከ ዛሬ «ያን ወረቀት አንብቤ ሳቅኩ» እያለ ያወራዋል።

ወደ ሳሎን ገባች። ክፍሉ በመጻሕፍት ተጨናንቆ የሚቀመጡበት ሦስት ወንበርና አንድ ሶፋ ብቻ ተርፎታል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ሻይና የሲጋራ ሽታ ታምቆበታል። ወንድሟ ዳቦ እየቆረሰ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ የዛሬውን ቀጠሮ አልረሳኸውም አይደል?» አለችው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የምትጠራው እንዲህ ነው፤ ትርጉሙን ካሰበችበት ቆይታለች።

«ሚጢ፣ እኔ የምረሳው ነገር ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ» አለ፤ ከእንግዶቹ አንዱ ፈገግ አለ።

«አራት ሰው ይበቃል። አንተ አንድ፣ እነሱ ሁለት፤ አንድ ሰው እኔ እፈልጋለሁ።»

ወንድሟ ዳቦውን አስቀመጠ፤ የሚያስረዳ ሰው ፊት ለበሰ። «ተመልከች፤ ችግሩ የአራት ሰው ጉልበት አይደለም። አንቺ እሷን በትከሻ ባወረድሽ ቁጥር፣ ሊፍቱን ማስጠገን የነበረባቸው ሰዎች እፎይ ይላሉ። የእነሱን ጥፋት በላብሽ እየጠረግሽላቸው እኮ ነው። አንድ ሰው ተሸክሞ መውረድ ሥርዓቱን መሸከም ነው።»

«እሺ፤ እግሯስ?»

«እግሯ የዚሁ ሥርዓት ሰለባ ነው።»

ከእንግዶቹ ወፍራሙ ወገቡን ይዞ አቃሰተ፤ ማንም ሳይጠይቀው ወገቡ ላይ ስላለችው ዲስክ ማብራራት ጀመረ። ሌላው ሰዓቱን አየ። እሷ በዚህ ቤት ክርክር መግጠም ውሃ መውቀጥ መሆኑን የተማረችው ዛሬ አይደለም፤ ከጠረጴዛው አንድ ባዶ ሳህን አንሥታ ወጣች። ሳህኑን ማጠቢያው ውስጥ ስታስቀምጠው ተሰነጠቀ። እንዲህ በኃይል እንዳስቀመጠችው ያወቀችው ስንጥቁን ስታይ ነው።

ከዚያ ወረደች፤ በር እያንኳኳች። አራተኛ ፎቅ መምህሩ በፒጃማ ከፈተላት፤ ጉዳይዋን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ፣ ዓይኑ ላይ ሐዘን ሞላ። «ያሳዝናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል ያገሬ ሰው። የጠፋው እኮ ይኸው ነው፤ መተባበር ነው የጠፋው» አለ፤ ከልቡ ተንፍሶ። «እና ይመጣሉ?» ስትለው የሚታረም ወረቀት እንደ ተራራ ተቆልሎ እንደሚጠብቀው ነግሯት በሩን በቀስታ፣ እንዳይጮህ ተጠንቅቆ ዘጋው። ሦስተኛ ፎቅ የባንኩ ሰው ጉዳዩ በመጀመሪያ በኮሚቴው በኩል መምጣት ነበረበት አላት፤ የኮሚቴው አባል ማን እንደሆነ ብትጠይቀው ራሱ መሆኑ ታወቀ፤ ግን ስብሰባ አልተጠራም። ሁለተኛ ፎቅ ከውስጥ የቴሌቪዥን ኳስ ጨዋታ እየተሰማ በሩ ሳይከፈት ቀረ። በየበሩ የሚሰማት ድምፅ የወንዶች ድምፅ ነበር፤ የሚከራከሩ፣ የሚተቹ፣ አሠልጣኙን የሚሳደቡ። ሕንፃው በትከሻ ተሞልቷል። ምድር ቤት ስትደርስ ሚኒባሱን አጥር ጥግ አቁሞ የሚያጥበው ሾፌር ብቻ፣ ጨርቁን እየጨመቀ «ብቻ ታች አድርሺልኝ እንጂ እኔ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነው የማወርዳቸው» አላት። ታች ማድረስ ነበር ጭንቁ።

ሻለቃው በራቸው ላይ ተቀምጠው ጫማ ይቦርሹ ነበር። እሳቸው ቢያዝዙ ሰው ይወጣል ብላ አስባ ነበርና ሌሎቹ ያሏትን ሁሉ አጫወተቻቸው። አልዋሿትም። «ልጄ፣ እኔ አልጠራቸውም እኮ» አሏት፣ ብሩሹን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው። «የሚመጡት ራሳቸው ናቸው። ሞት ሲሆን ሰው አያስብም፤ እግሩ ይነሣል። አስቦበት የመጣ ሰው እዚህ ሕንፃ አይቼ አላውቅም። እስኪ ዝም ብለሽ ና በይው፤ ቁጭ ብሎ ያስባል፣ ካሰበ ደግሞ አለቀ።»

እያንዳንዱን ደረጃ ስትወጣ ይህ ቃል አብሯት ወጣ። ንዴቷ እንደ ትኩሳት ተነሥቶ አንገቷ ላይ ደርሷል፤ ግን ከንዴቱ ሥር አንድ ሌላ ነገር፣ ሥራ ላይ ሰም ከመቅረጿ በፊት የሚሰማት ዓይነት ጸጥታ ነበር። ቤት ገብታ በሩን ሳትዘጋ ተወችው። እናቷን ሰማያዊ ካፖርቷን አለበሰቻት፤ የቀኙን እጅ በእጅጌው ውስጥ አሳልፋ ጣቶቿን አንድ በአንድ አወጣች፤ ጫማዋን አሠረችላት፤ ጸጉሯን አበጠረችላት። መደገፊያ ያለውን ወንበር ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ እናቷን በብብቷ ደግፋ አስቀመጠቻት፤ በተጣጠፈ አንሶላም ወገቧን ከወንበሩ ጋር አሠረች። ሳሎን ውስጥ ወንድሟ ስለ ሕዝብ ግድየለሽነት እየተናገረ ነበር።

«እማዬ» አለች፣ ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ ብላ። «ሁሉንም ጠየቅኳቸው። ካልሞትሽ አይመጡም።»

እናትየዋ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ደህናው የአፏ ጥግ ወደ ላይ ተሳበ፤ ከታመመች ወዲህ ያልታየ፣ የድሮው፣ ጎረቤት የሚፈራው ፈገግታ ነበር። «ል… ሙታ» አለች።

ልጅየዋ ወደ ደረጃው ወጣች፤ የብረቱን መከታ ጨበጠች፤ ጮኸች። አንድም ቃል መዋሸት አላስፈለጋትም፤ «እናቴን! እናቴን! ኧረ እናቴን!» ነበር ያለችው፤ ከአንገት በላይም አልነበረም። ለወራት የዋጠችው ሁሉ፣ የተሸካሚዎቹ ዋጋ፣ የባለሙያዋ የሰለቸ ድምፅ፣ ያረፈደችበት ላቦራቶሪ፣ ያ የሳሎን ሳቅ፣ ሁሉ በአንድ ላይ ወጥቶ በደረጃው ጉሮሮ ውስጥ ቁልቁል ወረደ። ከስር በር ሲበረገድ ተሰማ። ሌላ በር። የቴሌቪዥኑ ኳስ ድምፁ ተቆረጠ። ብስክሌት ግድግዳ እየፈጨ ተጎተተ፣ የአበባ ማሰሮ ተሰበረ፤ ከምድር ቤት የሻለቃው ድምፅ «ደረጃውን አጽዱ! በየማረፊያው!» እያለ ወጣ። መምህሩ ከሁሉ ቀድሞ በፒጃማው ደረሰ፤ ዓይኑ እውነተኛ እንባ አቅርሯል። የባንኩ ሰው ክራቫቱን እየፈታ መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ተዘግቶባት የነበረው በር ሦስት ጎረምሳ ወንድማማቾች አወጣ።

ወንድሟም ከሳሎን ወጣ፤ የሻይ ብርጭቆው በእጁ ነበር። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ ያየችውን መቼም አትረሳውም፤ ትንታኔ የሌለበት፣ ቃል የሌለው፣ እናቱን ያጣ ትንሽ ልጅ ፊት ነበር። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ሰማያዊ ካፖርት ለብሳ፣ ጸጉሯን ተበጥራ የተቀመጠችውን እናቱን አየ። ፊቱ እንደገና ተሰበሰበ፤ መነጽሩን አስተካከለ።

ሰዎቹ በሩ ላይ ተጨናንቀው ቆሙ። እናትየዋ ግራ እጇን አንሥታ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ «እንደምን… አደራችሁ» አለቻቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ መምህሩ። እንባው ገና አልደረቀም፤ ያሳፈረውም እሱ መሰለ። «በሞት ይቀለዳል እንዴ?»

«በእናቴ ሞት የተቀለደው ዛሬ ጠዋት ነው፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰንጥቆ ነበር። «ያኔ ተስቋል። እኔ አልቀለድኩም። እናቴ አልሞተችም፤ ቀጠሮ አላት። ጊዜ የለኝም ያልከው መጥተሃል፤ ኮሚቴ ያልከው መጥተሃል፤ ደረጃው ጸድቷል፤ ኮታችሁንም አውልቃችኋል። ወይ አንሡ፣ ወይ እዚህ ቆማችሁ በሕይወት በመኖሯ እንዳዘናችሁ ንገሯት።»

ከስር ሻለቃው ተጣሩ። «ምን ትጠብቃላችሁ? አልተነሣም እንዴ?»

አንዱ ጎረምሳ በመከታው ላይ ጎንበስ ብሎ «ሻለቃ፣ በሕይወት አሉ!» ሲል ጮኸ።

ከዚያ የሻለቃው ድምፅ እንደ ቀድሞው ደረቅ ሆኖ ወጣ። «እና? ክብደታቸው ይቀየራል? ተቀበል!»

ያቺ ቃል ሠራች። አስበውበት አይደለም፤ እጃቸው ለመደውና አነሡ። ወንበሩ በአራት ሰው ተነሥቶ፣ በአራተኛው ማረፊያ ለሌሎች አራት ተላልፎ ወረደ፤ ያ የለመዱት ዝግ ያለ፣ የተመጠነ እርምጃ ነበር። ሴቶች በየበሩ ቆመው፣ ግማሾቹ ገና ነገሩ ሳይገባቸው፣ ሰማያዊው ካፖርት ሲያልፍ እንባቸውን ጠረጉ። የሦስተኛው ፎቅ ጠባብ ማጠፊያ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ያለ ትእዛዝ ሣጥኑን እንደሚያዘነብሉት ወንበሩን ወደ ጎን አዘነበሉ፤ እናትየዋ በደህና እጇ መከታውን ይዛ «ኧረ!» ስትል ነበር ደንግጠው ያቀኑት። ግቢው ውስጥም ሚኒባሱ በስተቀኝ በሩን ከፍቶ እየጠበቀ፣ እነሱ በስተግራ፣ ሁልጊዜ የሬሳ መኪና ወደሚቆምበት ጥግ ታጠፉ፤ ሾፌሩ «ወዴት ነው? ሰውዬ፣ ወዲህ!» ብሎ ሮጦ መለሳቸው። አንዲት ጎረቤት የልጅየዋን እጅ ይዛ «እግዜር ያጥናሽ» ካለቻት በኋላ አፏን በመዳፏ ያዘች። ልጅየዋ «አሜን» አለች። ጽናት ያስፈልጋት ነበር። ወንድሟ ከላይ፣ ከአምስተኛው ፎቅ በረንዳ መከታ ላይ ተደግፎ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ አጠገቡ ላሉት እንግዶቹ አንድ ነገር ይናገር ነበር። ቃሉ አልተሰማትም፤ እጁ ሲወራጭ ግን ታያት።

ሐኪም ቤት ውስጥ ብዙ ነገር አልሆነም፤ ሊሆን የሚገባው ሆነ። ባለሙያዋ ጉልበቱን እየለካች ግንባሯን ቋጠረች፤ ዘግይታችኋል አለች፣ አልረፈደም አለች። እግሩ ሲታጠፍ እናትየዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ ደም ወጣ። ከዚያ በሁለቱ የብረት መደገፊያዎች መካከል አቆሟት፤ ለጥቂት ትንፋሽ ያህል፣ እየተንቀጠቀጠች፣ በሁለት እግሯ ቆመች። ቦታው ለሌላ አልተሰጠም። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሳይቋረጥ፣ ተባሉ። ልጅየዋ «ሳይቋረጥ» የሚለውን ቃል እንደ ድንጋይ ተሸክማ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰች።

ቀትር ላይ ሾፌሩ ሕንፃው በር ላይ አውርዷቸው፣ ወንበሩን ከነእናትየዋ ከደረጃው ሥር አስቀምጦ ተራ እንዳያልፈው በረረ። ግቢው ጭር ብሏል። ብስክሌቶቹና ማሰሮዎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ሻለቃውን አንኳኳች፤ ከእንቅልፍ የነቃ ፊታቸውን በበሩ ብቅ አድርገው ወንበሩን አዩ፣ ደረጃውን አዩ፣ ግራ ገባቸው። «ሽቅብ?» አሉ። «ሽቅብ እኮ አውጥተን አናውቅም፣ ልጄ።» እውነታቸውን ነበር፤ ለመውጣት የሚሆን ትእዛዝ አልነበራቸውም። እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ራሳቸውን ማውጣት ከተዉ ቆይተዋል። ሌሎቹን በሮች አንኳኳች፤ አንዳንዶቹ ባዶ ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ባዶ መሰሉ። የመምህሩ በር ማያ ቀዳዳ ለአፍታ ጠቆረ፤ ተመልሶ ነጣ። ተታለልን ብለዋል። ያን ጩኸት ደግማ ብትጮኸው ማንም እንደማይወጣ ገባት፤ እናቷ በእውነት የምትሞት ቀን እንኳ ቀድመው በቀዳዳ የሚያዩ ይሆናሉ።

ወንድሟ እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ ከደረጃው ሥር አገኛቸው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ሁኔታውን በአንድ ዓይን መዝኖ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ እኮ ጠዋት ገና ስትወጡ ታይቶኝ ነበር» አለ። «ሬሳ አይመለስም፣ ሚጢ። ዘዴሽ የመሄጃ ብቻ ነበር።»

«ታይቶህ ነበር?»

«ግልጽ እኮ ነው። አንድ ደቂቃ ላሰበ ሰው…»

«ታይቶህ ነበር» አለች እንደገና፤ አሁን መጠየቋ አልነበረም። «አሥር ሰው ኮቱን አውልቆ እፊትህ ቆሞ ሳለ፣ ‘ቀትር ላይም ተመለሱ’ የምትል አንዲት ቃል ነበረችህ። ለምን አልተናገርካትም?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። እሷም ያኔ ገባት፤ ያቺን ቃል ጠዋት ያላወጣት ስላላሰባት አልነበረም፤ ቀትር ላይ ትጣፍጣለች ብሎ ነው ያኖራት። ሲወድቁ ለማየት ሳይሆን፣ እንደሚወድቁ ማወቁ እንዲታወቅለት። ንዴቷ የጠዋቱ ዓይነት አልነበረም፤ አይጮህም፣ አይንቀጠቀጥም፤ ቀዝቅዞ እንደ ደረቀ ጄሶ ቅርጽ ይዟል። ልትመታው ፈለገች። በዚያ ፈንታ ወንበሩን አዙራ መደገፊያውን ወደ እሱ፣ የእናቷን እግር ወደ ራሷ አደረገችና ጎንበስ ብላ የወንበሩን የፊት እግሮች ጨበጠች።

«ኋላውን ያዝ» አለችው።

«ሁለት ሰው? ለአምስት ፎቅ? ሚጢ፣ እስኪ ተረጋግተን…»

ያን ጊዜ እናትየዋ ግራ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ የንጹሕ ሸሚዙን ደረት ጨምድዳ ያዘች። ያን ረፋድ ብረት ስትጨብጥ የቆየች እጅ ናት፤ ሸሚዙ ከሱሪው ወጣ፣ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ በሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። አልለቀቀችውም። እሱም እጇን ለማላቀቅ ጎንበስ አለ፣ ፊቱ ፊቷ አጠገብ ደረሰ፤ እናቱ ዓይን ውስጥ ምን እንዳየ እህቱ አላወቀችም፤ ከወንበሩ ጀርባ ዞሮ ሲይዝ ግን አየችው። አያያዙ የማያውቅ ሰው አያያዝ ነበር፤ እጁን በየት እንደሚያስገባ ጠፍቶት፣ ሁለት ጊዜ ለውጦ ያዘ።

አነሡ። የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ወደ ኋላ እየረገጠ፣ ተረከዙ እየተደናቀፈ ወጣ፤ ወንበሩ ግድግዳውን እየፋቀ ተጎተተ፤ እሷ ከሥር ክብደቱን በደረቷ ተቀበለች። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ አስቀመጡት። የጎረምሶቹ በር ላይ ሲደርሱ ኳሱ እንደገና ተከፍቶ ነበር፤ አስተያየት ሰጪው ተጫዋቹ ምን ማድረግ እንደነበረበት ያብራራል። ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፣ መነጽሩን የላብ ጉም ሸፍኖታል። ወደ ላይ፣ ገና ወዳልተወጡት ደረጃዎች አንጋጠጠ፤ ትከሻውን የሚተካ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። የለም። ከንፈሩን አራሰ፤ ልማዱ ነበርና አንድ ነገር መጣለት።

«በዚህ ሕንፃ…» ብሎ ጀመረ፤ ትንፋሹ አልበቃውም። እንደገና ሞከረ። «በዚህ…»

«በ… ኋላ» አለች እናቱ፣ የሸሚዙን ጫፍ ሳትለቅ።

እህቱ ጎንበስ ብላ የፊት እግሮቹን ያዘች፤ እሱም ያዘ።